ድሮ በቀላሉ የምንዘለው ጉድጓድ ዛሬ ለምን ይውጠናል?

ሐዋሳ ከፒያሳ እስከ አሮጌው መናኸሪያ ባሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ሰሞኑን የማይጠፋ አንድ ዕቃ አለ። ከፍላሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ቴሌቪዥን ጀርባ ላይ ይሰካል። ሁለት ገመድ አልባ ጆይስቲክ አብሮት ይመጣል። ካርቶኑ ላይ “10,000 ጌም” ይላል። ሻጮቹ “ጌም ስቲክ” ነው የሚሉት። ገዢዎቹ ልጆች እንዳይመስሏችሁ። ልጆቹ በፊፋና በፐብጂ ተይዘዋል። ይህንን የሚገዙት ሠላሳዎቹን ያጋመሱ፣ ከሥራ ሲወጡ ጎራ የሚሉ ሰዎች ናቸው። “ለልጄ ነው” ይላሉ። ልጁ ከተኛ በኋላ ማን እንደሚጫወት ግን ሚስቶቻቸውን ጠይቁ።

ስቲኩን ያልገዛ ደግሞ ስልኩ ላይ ኢሙሌተር ይጭናል። ኢሙሌተር የድሮውን የጌም ማሽን አስመስሎ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። እሱ ካለ ማሪዮ፣ ኮንትራ፣ ሶኒክ፣ አድቬንቸር አይላንድ፣ ሁሉም ኪስ ውስጥ ይገባሉ። ሐይቅ ዳር ቡና አዝዞ፣ ስልኩን አግድም ይዞ በሁለት አውራ ጣት የሚታገል ጎልማሳ ካያችሁ፣ የሚያጣድፈው ቢዝነስ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚሰማው ቅሬታ ግን አንድ ዓይነት ነው። ሰውየው ሱፐር ማሪዮን ይከፍታል። ቡናማዋን እንጉዳይ ይረግጣል፣ ቧንቧዎቹን ያልፋል፣ ደስ ይለዋል። ከዚያ የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ዘው ይላል። ደግሞ ይሞክራል። ደግሞ ይገባል። ድሮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያልፈው ቦታ ነው። “በቃ አርጅቻለሁ” ብሎ ጆይስቲኩን ያስቀምጣል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ዕድሜ ምንም አያመጣም ማለቴ አይደለም። ከሃያዎቹ በኋላ የሰው ምላሽ ቀስ በቀስ እንደሚዘገይ የታወቀ ነው። ግን የማሪዮ ጉድጓድ ድንገት አይከፈትም። ጌሙ ከወጣ ጀምሮ እዚያው ቦታው ላይ ነው። እሱን ለመዝለል የሚያስፈልገው ፍጥነት ሳይሆን መቼ መጫን እንዳለበት የሚያስታውስ እጅ ነው። እንዲህ ያለው ትውስታ ደግሞ በዋዛ አይጠፋም። በብስክሌት ያደገ የሐዋሳ ልጅ ከዓመታት በኋላ ብስክሌት ላይ ሲወጣ አይወድቅም። እዚህም ያው ነው። እጃችን አልረሳም። የሚያስታውሰው ግን ሌላ ማሽን ነው።

የያዝነው የኔንቲዶ ማሽን አልነበረም

የጃፓኑ ኔንቲዶ ፋሚኮም የተባለውን ማሽን በ1983 አወጣ። (ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በ1985 ተከተለ። ሦስተኛው ማሪዮ ጃፓን ውስጥ በ1988፣ አሜሪካ በ1990 ወጣ። ሱፐር ማሪዮ ወርልድ በ1990፣ የሴጋው ሶኒክ በ1991፣ ዶንኪ ኮንግ ካንትሪ በ1994፣ ሬይማን በ1995፣ ክራሽ ባንዲኩት በ1996 መጡ። ዓለም “የዘጠናዎቹ ጌም” ሲል ከማሪዮ 3 ወዲህ ያሉትን ነው። እኛ ጋ ግን የሰማንያዎቹም የዘጠናዎቹም ተጠቅልለው፣ ያውም ዘግይተው ነው የደረሱት። ብዙ የሐዋሳ ልጅ ማሪዮን ያወቀው በእኛ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ ነው። ስለዚህ “የዘጠናዎቹ ጌም” ብንል ማንም አይከራከረን። የራሳችን ዘጠናዎቹ አሉን።

የደረሰን ማሽን ደግሞ ቅጂ ነበር። ታይዋንና ቻይና ውስጥ የፋሚኮምን ቺፕ አስመስለው የሠሩት። እኛ ቲቪ ጌም እንለው ነበር። ካሴቱ ላይ “9999 በ1” የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከፍተህ ስታየው የተለያዩት ጌሞች ጥቂት ናቸው። የቀረው ያው ጌም ነው፣ ወይ ስሙ ተቀይሮ፣ ወይ ከሦስተኛው ስቴጅ እንዲጀምር ተደርጎ። አሁን ስቲኩ ካርቶን ላይ ያለችው 10,000ም የዚያች ዘመድ ናት።

ትልቁ ልዩነት ግን የማይታየው ነው። የጃፓንና የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ኤንቲኤስሲ በሚባለው አሠራር ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ገደማ ያድሱ ነበር። ኢትዮጵያ የያዘችው ፓል የሚባለውን ነው። እሱ 50 ጊዜ ያድሳል። የዚያ ዘመን ጌም ደግሞ ሰዓት አያይም። አንድ ምስል በሣለ ቁጥር አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ በቃ። ለ60 የተሠራውን ጌም በፓል ማሽን ላይ ስታስኬደው ሁሉም ነገር በ17 በመቶ ገደማ ይዘገያል። ማሪዮ ይዘገያል፣ ኤሊው ይዘገያል፣ ሙዚቃው ይጎተታል። ኔንቲዶ ራሱ ለአውሮፓ ሲልክ አንዳንዶቹን ጌሞች ለ50 አስተካክሏል። በእኛ ካሴቶች ውስጥ የነበረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልተስተካከለው ነው። ሴጋም ቢሆን አልተሻለም። የመጀመሪያው ሶኒክ አውሮፓ የገባው ከነዝግመቱ ነው። በፍጥነቱ የሚኮራ ጌም ግማሹ ዓለም ላይ ሲያዘግም ኖሯል።

ቁጥሩን በማሪዮ ላይ እንየው። ማሪዮ ሙሉ ፍጥነቱን ሲሮጥ በአንድ ምስል 2.5 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ነጥብ) ይጓዛል። አንድ ጡብ 16 ፒክስል ስፋት አለው። በ60 ሂሳብ በሰከንድ 150 ፒክስል፣ ማለትም ከዘጠኝ ጡብ በላይ ይሄዳል። በ50 ሂሳብ 125 ፒክስል ነው፣ ስምንት ጡብ አይሞላም። ሰዓቱም እንደዚያው። 1-1ን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ስቴጅ፣ ስትጀምሩ 400 የሚለው ሰከንድ አይደለም። አንዷ ቁጥር የምትቀንሰው በየ24 ምስሉ ነው። ሲባዛ በጃፓን 160 ሰከንድ፣ በእኛ ዓይነት ማሽን 192 ሰከንድ ይሆናል። ሳናውቀው ግማሽ ደቂቃ ተመርቆልናል ማለት ነው።

ስልክ ላይ ያለው ኢሙሌተር ይህን ምርቃት አያውቅም። እንደ ጃፓኑ በ60 ይሮጣል። አቶቴ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ መጀመሪያ ያስተዋለው ጉድጓዱን ሳይሆን ዘፈኑን ነው። “ማሪዮን ሪሚክስ አድርገውታል እንዴ? ቸኮለብኝ እኮ” አለኝ። ማንም አልነካውም። ኮጂ ኮንዶ ሙዚቃውን ሲጽፈው የፈለገው ፍጥነት ይኸኛው ነው። ልጅ ሆነን የሰማነው ነው ዝግመተኛው።

አንድ ጡብ የምታህል መዘግየት

ሁለተኛው ነገር ቴሌቪዥኑ ራሱ ነው። ያ ጀርባው የሚያብጠው፣ ለሁለት ተሸክመን የምናዞረው ቴሌቪዥን ምስል አያጠራቅምም ነበር። ምልክቱ በገመዱ ሲደርሰው እዚያው መስመር በመስመር ይሥለዋል። ማሽኑ “ማሪዮ ዘለለ” ካለ ስክሪኑ ላይ ወዲያው ዘለለ ነው።

የዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን እንደዚያ አይደለም። ምስሉን ይቀበላል፣ ያስቀምጣል፣ ለትልቁ ስክሪን ይለጥጠዋል፣ ቀለሙን ያሳምራል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል። ከዚያ ነው የሚያሳየው። ፊልም ስታዩ ይኼ ሁሉ ስንት ጊዜ እንደፈጀ አይታወቃችሁም። ድምፁም አብሮ ስለሚዘገይ ማንም ልብ አይለውም። ጌም ላይ ግን ጉድ ይፈላል። አንዳንድ ቴሌቪዥን ላይ ይህ ዝግጅት ብቻውን እስከ 100 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። ገመድ አልባው ርካሽ ጆይስቲክ የራሱን ይጨምራል። የስቲኩ ደካማ ፕሮሰሰርም የራሱን።

100 ሚሊሰከንድ ሲሰሙት ምንም አይመስልም፣ የሰከንድ አሥረኛ ነው። ግን ከላይ ያየነውን ሂሳብ አምጡት። በ60 ምስል ሂሳብ ስድስት ምስል ማለት ነው። ስድስት ጊዜ 2.5 ደግሞ 15 ፒክስል። አንድ ጡብ ሊሞላ አንድ ፒክስል የቀረው! ከጉድጓዱ አፋፍ ግማሽ ጡብ ሲቀረው የሚጫን የለመደ እጅ፣ አሁንም እዚያው ቦታ ላይ ይጫናል። ማሪዮ ትእዛዙን የሚሰማው ግን እግሩ አየር ላይ ከሆነ በኋላ ነው። ታች እየወረደ ያለ ማሪዮ ደግሞ አይዘልም።

ይህን በቤታችሁ መለካት ትችላላችሁ። ስልካችሁ ስሎው ሞሽን ካለው በሰከንድ 240 ምስል ላይ አድርጉት። ጣታችሁንና ስክሪኑን አንድ ላይ አስገብታችሁ ቅረጹ። ቁልፉን ጫኑ፣ ማሪዮ ይዝለል። ከዚያ ቪዲዮውን እያንቀሳቀሳችሁ ቁልፉ ከተጫነበት ምስል ማሪዮ ከመሬት እስከለቀቀበት ያለውን ቁጠሩ። አንዱ ምስል አራት ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። 24 ምስል ከቆጠራችሁ 100 ሚሊሰከንድ ሞላችሁ። ከዚያ የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ “ጌም ሞድ” የሚለውን አብሩና ደግማችሁ ቁጠሩ። አብዛኛው ቴሌቪዥን ላይ ቁጥሩ በግልጽ ይወርዳል። “አርጅቻለሁ” ያለው ሰው በዚች አንዲት ቁልፍ ሲታደስ ማየት ያስቃል።

ስፋቱንም ሳልረሳው። የድሮው ስክሪን 4 በ3 ነበር። የዛሬው 16 በ9 ነው። ስቲኩ ምስሉን ጎትቶ ይሞላዋል። ማሪዮ በሲሶ ይወፍራል፣ ጉድጓዱም በሲሶ ይሰፋል። በእውነት አልሰፋም፣ ዓይን ግን ይታለላል።

አውራ ጣት

ቴሌቪዥኑን ትተን ስልክ ላይ እንጫወት ያልን እንደሆነ ሌላ ጣጣ አለ።

የቲቪ ጌሙን ጆይስቲክ በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡት። በግራ በኩል መስቀሏ፣ በቀኝ ኤ እና ቢ። መስቀሏን የፈጠራት ጉንፔ ዮኮይ የተባለ የኔንቲዶ መሐንዲስ ነው። በ1982 በወጣችው የኪስ ዶንኪ ኮንግ ላይ ነው የተጀመረችው። ጥበቧ ያለው እብጠቷ ላይ ነው። አውራ ጣትህ ሳታይ መሃሉን ያገኛል፣ ጫፉንም ያገኛል።

በቀኝ በኩል ያለው ሥራ ደግሞ ማንም ሳያስተምረን የተማርነው ነው። ማሪዮ እንዲሮጥ ቢ ተጭኖ መቆየት አለበት። ለመዝለል ኤ ይጫናል። ሁለቱም በአንድ አውራ ጣት ነው። የጣቱ ጫፍ ቢ ላይ ያርፋል፣ ቢን ሳይለቅ ጣቱ ወደ ቀኝ ይጋደምና አንጓው ኤን ይነካል። ኤ ላይ በቆየህ መጠን ዝላዩ ከፍ ይላል፣ ቶሎ ከለቀቅክ አጭር ይሆናል። ማሪዮ የሚከብደውም የሚጣፍጠውም እዚች ላይ ነው። እንደ ቀንና ሌሊት አብራ አጥፋ የሚባል ዝላይ የለም። ጣት እየመጠነ የሚሰጠው ነው።

የስልክ መስታወት ይህን አያውቅም። እብጠት የለውም፣ ጫፍ የለውም። አውራ ጣት ቀስ በቀስ ከተሣለው መስቀል ላይ ይንሸራተትና ማሪዮ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። በአንጓ መጋደሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይያዝም። ወይ ሩጫው ይቋረጣል ወይ ዝላዩ ይቀራል። ሩጫ የሌለው ዝላይ አጭር ነው። ውጤቱን ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚሠሩ የዝላይ ጌሞች ይቅር ባይ ናቸው። በ2018 የወጣውን ሴለስትን ውሰዱ። ከአፋፉ ካለፋችሁ በኋላ ለጥቂት ምስሎች ያህል መዝለል ይፈቀድላችኋል። መሬት ሳትነኩ ቀድማችሁ ከተጫናችሁም ያስታውስላችኋል፣ እግራችሁ እንዳረፈ ይዘላል። ተጫዋቹ ይህን አያየውም። “ጎበዝ ሆኛለሁ” ብሎ ያስባል። በእነዚህ የተላመደ እጅ ወደ ድሮው ሲመለስ ደንግጦ ይቀራል። የዚያ ዘመን ጌም ባብዛኛው አፋፉ ካለፈ አለፈ ነው።

ርዝመቱ ከየት መጣ?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ማሽን ነው። አሁን ወደ ጌሙ ልግባ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጉድጓዱን ካለፈ በኋላ የሚገጥመው ሌላ ቅሬታ አለ። “ለካ እንዲህ አጭር ነው?”

አዎ፣ አጭር ነው። ሱፐር ማሪዮ 32 ስቴጅ ነው፣ ስምንት ዓለም በአራት በአራት። 1-2 ላይ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚገኘውን መዝለያ ቧንቧ ተጠቅመው በፍጥነት የሚጨርሱት ተጫዋቾች ከ5 ደቂቃ በታች ይፈጅባቸዋል። እንደኛ ያለው ሰው እንኳ ባይሞት ኖሮ አንድ ከሰዓት አይወስድበትም። የካሴቱ ሙሉ ይዘት 40 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በቴሌግራም የምንላላከው አንድ ፎቶ ከዚህ ይበልጣል። ቦታ ከማነሱ የተነሳ ደመናውና ቁጥቋጦው አንድ ሥዕል ናቸው፣ ቀለማቸው ብቻ ነው የተለየው። ካላመናችሁ ዛሬ ማታ አስተያዩአቸው።

ይህን አጭር ጌም ረጅም ያደረገው ሞት ነው። ሦስት ነፍስ ይሰጥሃል። ሦስቱ ካለቁ ከ1-1 ትጀምራለህ። ሴቭ የለም። ስምንተኛው ዓለም ደርሰህ መብራት ቢሄድም ያው ነው። ሁሉም ዜሮ። (ጌም ኦቨር ካለ በኋላ ኤን ይዞ ስታርት ሲጫኑ ካለቀበት ዓለም መጀመሪያ እንደሚቀጥል ማን በነገረን!) ሱፐር ማሪዮ ወርልድ ካሴቱ ውስጥ ባትሪ ይዞ ስለመጣ ሴቭ ማድረግ ቻለ። ለዚያም ነው 96 መውጫዎች ሊኖሩት የቻለው።

ከባድነት የንግድ ጉዳይም ነበር። ጃፓን ከ1984 ጀምሮ ጌም ማከራየትን በሕግ ከለከለች። አሜሪካ ግን የቪዲዮ ኪራይ ቤቶች ጌም ያከራዩ ነበር። ልጁ ቅዳሜ ተከራይቶ እሑድ ከጨረሰው ማን ይገዛዋል? ስለዚህ አንዳንድ ጌሞች ለአሜሪካ ሲወጡ ሆን ተብለው እንዲከብዱ ተደረገ። የኮናሚ ኮንትራ ሃርድ ኮርፕስ በ1994 ሲወጣ በጃፓኑ ቅጂ አንድ ነፍስ ሦስት ምት ይችላል። በአሜሪካው በአንድ ምት ትሞታለህ። አንበሳው ንጉሥ ጌም ላይ ሁለተኛው ስቴጅ ያለ ቅጥ የከበደው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ሠሪዎቹ ኋላ ተናግረዋል።

እኛ ኪራይ ቤት አልነበረንም። ጌም ቤት ነበረን። በር ላይ መጋረጃ፣ ውስጥ አግዳሚ፣ ጥግ ላይ ሰዓቱን የሚያይ ባለቤት። በሰዓት የሚያስከፍል ነበር፣ እስክትሞት የሚያስከፍልም ነበር። በሁለተኛው ሂሳብ ከባድ ጌም ለባለቤቱ እንጀራ ነው። አዲስ ልጅ ይመጣል፣ ይከፍላል፣ ጉድጓድ ይገባል፣ “አቀብል!” ይባላል። ጎበዙ ልጅ ግን ኪሳራ ነው። ባለቤቱ ጎበዙን ልጅ ሲያይ ፊቱ የሚጠቁረው ለዚህ ነበር። አንድ ጊዜ በከፈላት ከሰዓቱን ሙሉ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። ካሴቱን አውጥቶ እፍ ብሎ ሲመልስ “ተበላሽቷል፣ ነገ ና” የሚል ባለቤትም ነበር። ምን ያድርግ።

ከኋላ የሚቆመው ተመልካችም የዚሁ ሥርዓት አካል ነው። ሳንቲም የሌለው ልጅ የሚያውቀውን ይሰጣል። “እዚህ ጋ ጣሪያውን ውጣ”፣ “3-1 ላይ መጨረሻው ደረጃ ላይ ያለችውን ኤሊ ዝም ብለህ ደጋግመህ ርገጣት፣ ነፍስ አያልቅብህም” እያለ። ምክሩ እውነት ነው። ግን ስግብግብ ከሆንክ ትቀጣለህ። ማሽኑ ባለ 8 ቢት ስለሆነ ነፍስህ ከ127 በላይ ሲያልፍ ቁጥሩን ከዜሮ በታች አድርጎ ያነበዋል። ስትሞት ሌላ ነፍስ የለህም፣ ጌም ኦቨር። መቶ ምናምን ነፍስ አከማችቶ በአንድ ሞት የተባረረ ልጅ ሲያለቅስ ጌም ቤቱ በሙሉ ይስቅ ነበር። ምክንያቱን ማንም አላወቀም። “ቲቪ ጌሙ ሞቆታል” ተባለ።

ኢሙሌተሩ ይህን ሁሉ በአንድ ቁልፍ ሰርዞታል። ከየትኛውም ጉድጓድ በፊት ሴቭ ታደርጋለህ። ከወደቅክ ትመልሰዋለህ። አንዳንዱ ጭራሽ እንደ ካሴት ወደ ኋላ ያጠነጥንልሃል። እንዲህ ሲጫወቱት ማሪዮ አንድ ምሽት የማይሞላ ነገር ይሆናል፣ ሰውም ይሰለቸዋል። የኔ አስተያየት ይኸው ነው። ማጠንጠኛውን አትንኩት። ሴቭ ግን ስቴጅ ሲያልቅ አድርጉ፣ ኃጢአት የለውም። ሥራና ልጅ ያለው ሰው ከ1-1 ጀምር ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም። በስቴጁ ውስጥ ግን ሞት ሞት ይሁን። አለዚያ ጌሙ ሳይሆን ሥዕሉን ነው እያያችሁ ያላችሁት።

ገዝቶ መጫወትስ?

“ለምን በሕጋዊ መንገድ አትገዙም?” የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይኼኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ስቲኩ ውስጥ ያሉት ጌሞች ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ የተጫኑ ስለመሆናቸው ብዙ ምርመራ አያስፈልግም።

ግን ከየት ይገዛ? የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶዎቹ ዛሬ ለገበያ አይቀርቡም። ይህ የአሜሪካኖቹ ገበያ ነው፣ ካርድም ሱቅም ያላቸው። ኔንቲዶ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የሁለት የቀድሞ ማሽኖቹን የኢንተርኔት ሱቅ ዘግቷል። የቀሩትን የድሮ ጌሞች አብዛኛውን የሚያቀርበው ስዊች የተባለውን አዲስ ማሽኑን ለገዛና በየዓመቱ ለሚከፍል ሰው ነው። የፕሌይስቴሽን ሱቅ አገራችሁን ምረጡ ሲል ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ቢኖርም ክፍያው በዶላር ካርድ ነው። ሐዋሳ ላይ ደሞዙን በብር የሚቀበል ሰው ለ1985 ጌም የውጭ ምንዛሪ ፍለጋ ባንክ አይሰለፍም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እነዚህን ጌሞች እዚህ አገር ላይ ሕጋዊው ባለቤት ሸጦልን አያውቅም። ያኔም በቅጂ ነው ያወቅናቸው፣ አሁንም በቅጂ ነው። ይህ ስርቆትን ትክክል አያደርገውም። ሻጭ በሌለበት ገበያ ግን ገዢን ብቻ መውቀስ አይመቸኝም። ኢሙሌተሩ ራሱ፣ ጌሙ ሳይኖርበት፣ ሌላ ጉዳይ ነው። አፕል እንኳ በ2024 ሚያዝያ ላይ ሱቁን ለኢሙሌተሮች ከፍቷል። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ ገንዘቡን ስቲኩ ላይ ከማፍሰስ፣ ባላችሁ ስልክ ወይም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኢሙሌተር መጫን ይሻላል። በመዘግየቱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ስቲኩን ያስከነዳዋል።

እንዲያውም እሱ ላይ የልጅነታችንን ፍጥነት መመለስ ይቻላል። ባለገመድ የዩኤስቢ ጆይስቲክ ፈልጉ። ለስልክ ከሆነ ጆይስቲኩን ከስልኩ ጋር የሚያያይዝ ኦቲጂ የሚባል ማገናኛ ይበቃል። ምስሉን 4 በ3 አድርጉት። ሬትሮአርክ የተባለውን ኢሙሌተር የምትጠቀሙ ከሆነ “ረን አሄድ” የምትለዋን አብሩ። እሷ የጌሙን የራሱን መዘግየት ቀድማ እያሰላች ትቆርጠዋለች። ላፕቶፕ ላይ ሜሴን ወይም ኤፍሲኢዩኤክስ የተባሉት ኢሙሌተሮች ያሉት ደግሞ የማሽን ዓይነት ምረጥ ሲል “ዴንዲ” የሚለውን ይንካ። ዴንዲ በ1992 ሩሲያ ውስጥ መሸጥ የጀመረ የፋሚኮም ቅጂ ነው። አሠራሩ ለ50 ምስል ነው፣ የእኛው ቲቪ ጌም የቅርብ ዘመድ። እሱን ስትመርጡ ዘፈኑ ይረጋጋል፣ ኤሊው ይረጋጋል፣ ሰዓቱ ላይ ያቺ ግማሽ ደቂቃ ትመለሳለች።

ይህን ሁሉ አስተካክላችሁ 8-3 ላይ መዶሻ ወርዋሪዎቹ ከያዟችሁ ግን ሴቲንግ አትነካኩ። እነሱ ድሮም ማንንም አያሳልፉም ነበር።